ያንን መዝገብ የጻፈው እጅ

ልጆች፣ የቺካጎው የወንበዴዎች አለቃ የአል ካፖን ነገር ሲነሳ ሁሌ የምትጠይቁኝ ስለ ጠመንጃው ነው። እኔ ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ስለፈጀሁ ስለ መዝገቡ ላውራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1899 ብሩክሊን ተወለደ። አባቱ ከጣሊያን የመጣ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ልጁ በ14 ዓመቱ አስተማሪ መትቶ ከትምህርት ቤት ወጣ፣ በኋላም ቺካጎ ሄዶ ጆኒ ቶሪዮ ለሚባል የወንበዴ ቡድን አለቃ ይሠራ ጀመር። ከ1920 ጀምሮ አሜሪካ መጠጥ መሸጥ ከልክላ ስለነበር በድብቅ የሚሸጠው ቢራና ውስኪ ገንዘብ ያዘንባል። በ1925 ቶሪዮ በጥይት ቆስሎ ሥራውን ሲለቅ ካፖን በ26 ዓመቱ አለቃ ሆነ። ድህነት ነው እንዲህ ያደረገው የምትሉ አላችሁ። ታላቅ ወንድሙ ቪንቼንዞ እኮ ከዚያው ቤት ወጥቶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ነብራስካ ውስጥ ሕገ ወጥ መጠጥ የሚያሳድድ ሕግ አስከባሪ ሆኗል!

በ1929 ሰባት ሰዎች ቺካጎ አንድ ጋራዥ ውስጥ በግድግዳ ተደርድረው ተረሸኑ። ካፖን እንዳስገደላቸው ቢጠረጠርም በዕለቱ ፍሎሪዳ ነበር። በዚያ ግድያ እስከ ዛሬ የተፈረደበት ሰው የለም።

አሁን ወደ መዝገቡ። በ1926 ፖሊስ ቺካጎ አጠገብ ሲሴሮ የሚገኘውን የካፖንን ቁማር ቤት ፈትሾ የሒሳብ ደብተሮች ወስዶ ነበር። ዓመታት ተረስተው ከቆዩ በኋላ ፍራንክ ዊልሰን የተባለ የግብር መርማሪ ከአሮጌ ካቢኔ ውስጥ አገኛቸው። የትርፉ ክፍፍል በስም መነሻ ፊደል ተጽፏል። ግን ማን ጻፈው? ዊልሰን የእጅ ጽሑፉን ከባንክ ገቢ ማድረጊያ ወረቀቶች ጋር እያስተያየ ሄዶ ሄዶ ሌስሊ ሹምዌይ የሚባል ሒሳብ ያዥ ላይ ደረሰ። ሰው ያልገደለ፣ ቁጥር ብቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው። ማያሚ ተደብቆ ሲሠራ ተገኘ፣ በፍርድ ቤትም መሰከረ። በ1931 ካፖን በግብር ማጭበርበር 11 ዓመት እስርና 50,000 ዶላር ተፈረደበት። በ1939 ሲፈታ ቂጥኝ አእምሮውን ጎድቶት ነበር። በ48 ዓመቱ ሞተ።

እኔም በ24 ዓመቴ አለቃዬ በሩን ዘግቶ፣ ሁለት ደብተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይሄኛው ለግብር፣ ይሄኛው ለእኛ» ብሎኛል። ሰማያዊ ሽፋን ነበራቸው። እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር፤ እጄ ላብ በላብ ሆነ። የሹምዌይን ታሪክ ያኔ አላውቅም፣ እምቢ ያልኩት ስለፈራሁ ብቻ ነው። ሦስት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ፣ የቤት ኪራዬን ወንድሜ ከፈለልኝ።

እናንተም ጋ አንድ ቀን በሩ ይዘጋል። ከመፈረማችሁ በፊት «ስልክ ላናግር» ብላችሁ ውጡና ደውሉልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።