ምንጩን ያደረቀው ባሕር ዛፍ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ኮተቤ ካራ ነው። አስተማሪያችን ስለ ሰፈራችን ችግር የመከራከሪያ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ አዘዙን። እኔ «የሰፈራችንን ምንጭ ያደረቀው ባሕር ዛፍ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አያቴ ድሮ ከምንጩ ይቀዱ እንደነበር፣ ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚመጥ፣ ይሄንንም ሁሉም ሰው እንደሚያውቅ ገልጫለሁ። አስተማሪያችን ግን ዳር ላይ «ማስረጃሽ የታለ?» ብለው ከግማሽ በታች ሰጡኝ። ታዲያ ባሕር ዛፍ ውሃ አይመጥም ልበል?

መልስ፦ ልጄ፣ ጽሑፉንም አብረሽ ስለላክሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። አያትሽ እንስራ አዝለው ዳገቱን ሲወጡ የሚያሳየው አንቀጽ ግሩም ነው። እንዳትሰርዢው። በማርኩ ግን አስተማሪሽ ልክ ናቸው።

አንድ ነገር የተናገርሽ ይመስልሻል እንጂ የተናገርሽው ሦስት ነው። ምንጩ ደርቋል። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ይሄን ምንጭ ያደረቀው እሱ ነው። ማስረጃ ያቀረብሽው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። አያትሽ የዓይን ምስክር ናቸው፤ ውሃ እንደነበረ ከሳቸው በላይ የሚመሰክር የለም። ለምን እንደደረቀ ግን እሳቸውም አላዩም። ሥር ውሃ ሲመጥ ማን ያያል?

ለሁለተኛው «ሁሉም ያውቃል» አልሽ። ምን አስቸኮለሽ? የተለካ ነገር እኮ አለ። ደቡብ አፍሪካ፣ ሞኮቡላን በሚባል ቦታ፣ ተመራማሪዎች ጎን ለጎን ያሉ ትንንሽ ተፋሰሶችን መረጡ። አንዱን ሣር እንደለበሰ ተዉት። ሌላው ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሕር ዛፍ ተከሉ። የየጅረቱን ውሃ በየጊዜው ይለኩ ነበር። በ9ኛው ዓመት ባሕር ዛፍ የተተከለበት ጅረት ጭራሹን ደረቀ። ዛፉ 16 ዓመት ሲሞላው ተቆረጠ፤ ጅረቱ ግን እንደ ድሮው ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ የጀመረው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ሣሩን ለምን እንደተዉት ልብ በይ። እሱ ባይኖር አንዱ ተነስቶ «ዝናብ ጠፍቶ ነው» ቢል መልስ አይኖራቸውም ነበር። ማስረጃ ማለት እንዲህ ያለውን አፍ የሚያስዘጋ ነው።

ይሄ ግን የሞኮቡላን ጅረት ነው፣ የካራ ምንጭ አይደለም። እዚያ ሣር መሬት ነበር፤ የባሕር ዛፉ ዓይነትም እንጦጦ ላይ ከምናየው ነጭ ባሕር ዛፍ ይለያል።

ዋናው ችግርሽ ሦስተኛው ላይ ነው። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ፣ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆ ከተማዋ ተቸግራ ነበር። እንግዲህ አስቢው፤ አያትሽ ውሃ ሲቀዱ ተራራው ላይ ባሕር ዛፍ አልነበረም? ከነበረ ለምን ያኔ አልደረቀም? ተቃዋሚሽ መጀመሪያ የሚያነሳው ይሄንን ነው። ቀጥሎ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ይጠራብሻል፤ ጠበሉ የሚፈልቀው በባሕር ዛፍ መሀል ነው። ይሄ ብቻውን አያሸንፍሽም፣ የየምንጩ ጥልቀትና ድንጋይ ይለያያልና። ዝም ብለሽ ካለፍሽው ግን ያሸንፍሻል።

ስለዚህ ደብተርሽን ይዘሽ ሰፈር ውጪ። ምንጩ የቀነሰው መቼ ነው? አያትሽን ብቻ አትጠይቂ፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻቸው ተመሳሳይ ዘመን ከነገሩሽ ጥሩ ነው። ዓመቱን ካላስታወሱ «ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ነበር?» በያቸው። ከምንጩ በላይ ያለው ዛፍ የተተከለው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በዚያው ሰሞን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈረ አለ? የድንጋይ ካባ ተከፍቷል? ቤትና ኮብልስቶን መሬቱን ሲሸፍነው ዝናቡ መስረጉን ትቶ በጎርፍ መልክ ይወርዳል፤ እሱም ተጠርጣሪ ነው። (እኔ በግሌ ይሄኛውን ነው የምጠረጥረው፤ ግን የኔም ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም፣ እንዳትጠቅሺው።)

ዛፉ ከድርቀቱ ቀድሞ የተተከለ ከሆነ እንዲህ ልትጽፊ ትችያለሽ፦ «ከምንጩ በላይ ያለው ቁልቁለት ባሕር ዛፍ የተተከለበት ምንጩ መቀነስ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሣር መሬት ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ጅረት እንደሚያደርቅ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተለክቷል። ስለዚህ ከምክንያቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።» ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ ግን በቀላሉ አይነቀነቅም። ዛፉ ኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ርዕስሽን ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ቤት ልገዛ እያሰብኩ ነው። ቴሌግራም ላይ «በአንድ ዓመት ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን ባለሙያዎች አረጋግጠዋል» የሚል አየሁ። ልመን? (የሁለት ልጆች አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነገን ዋጋ ዛሬ የሚያረጋግጥ ባለሙያ የለም። ባለሙያው ስም አለው? ከሽያጩ ኮሚሽን ያገኛል? እርስዎ ግን እዚያው ብሎክ ውስጥ ባለፈው ዓመት የገዛ ሰው ይፈልጉና ስንት እንደከፈለ ይጠይቁ። ደላላው የጠራውን ሳይሆን ውሉ ላይ የሰፈረውን። እሱንም ከአንድ ሰው ብቻ አይስሙ።