የአንባቢያን ጥያቄ፦ መምህራንን ከፕሮጀክት ተኮር ትምህርት ጋር ለማስተዋወቅ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ስሆን መምህራኑን ከፕሮጀክት ተኮር ትምህርት ጋር እንዳስተዋውቅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ለዚህም የሁለት ቀን ሥልጠና ለማዘጋጀት አስቤያለሁ። ይሁን እንጂ ገና ወሬው ሲሰማ ግማሾቹ «ይህንንማ ድሮም እናደርገዋለን፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ሞዴል እናሠራቸዋለን» አሉኝ። የቀሩት ደግሞ ትንንሽ ልጆች በራሳቸው ሊመራመሩ እንደማይችሉ፣ የትምህርቱም ይዘት ሳይሸፈን እንደሚቀር ይሰጋሉ። ምን ብዬ ልጀምር?

መልስ፦ በትርጓሜ አይጀምሩ። አንድን ነገር አውቀዋለሁ ብሎ የሚያምን መምህር ትርጓሜው ሲነበብለት እምነቱ ይጸናል እንጂ አይለወጥም። ምዕራፉ ሲያልቅ የሚሠራው ሞዴል ትምህርቱ ከተጠናቀቀ በኋላ የሚመጣ ማሳያ ነው፤ ልጁ ባይሠራውም የሚጎድልበት እውቀት የለም (ብዙውን ጊዜ የሚሠራውም ወላጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን)። በፕሮጀክት ተኮር ትምህርት ግን ጥያቄው ይቀድማል፤ ትምህርቱም የሚሰጠው ያንን ጥያቄ ለመመለስ ስለሚያስፈልግ ነው። ለምሳሌ ስለ ዕፅዋት የሚያስተምር የ3ኛ ክፍል መምህር በመጀመሪያው ቀን «በግቢያችን ጥላ በሚያርፍበት ቦታ ምን ብንተክል ይበቅላል?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱም ተከላውን ለሚወስኑት ለርእሰ መምህሩ በደብዳቤ እንደሚቀርብ ለተማሪዎቹ ቢነግራቸው፣ የሥርና የቅጠል ተግባር፣ የብርሃንና የውኃ አስፈላጊነት፣ በሴንቲሜትር መለካትና ሐሳብን በምክንያት አስደግፎ መጻፍ ሁሉም ተራ በተራ የሚፈለጉ ትምህርቶች ይሆናሉ።

የሁለተኛው ወገን ስጋት ግን ተገቢ ስለሆነ አይለፉት። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ዊሊያም ኸርድ ኪልፓትሪክ «የፕሮጀክት ዘዴ» የተባለውን ጽሑፍ ካሳተሙበት ከ1918 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ተማሪው በመምህሩ ምን ያህል ሊመራ ይገባዋል የሚለው ክርክር አልበረደም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፣ ለትምህርቱ አዲስ የሆነ ተማሪ ያለ በቂ ምሪት ሲተው ደካማ ውጤት እንደሚያመጣ አጥብቀው ተከራክረዋል። ይህ ትችት ልጆችን ቡድን ሠርተው «እንዲያገኙት» ብቻ ለሚተው መምህር የሚገባ ነው። በደንብ የታቀደ ፕሮጀክት ግን በቀጥታ ማስተማርን አያስቀርም፤ ጊዜውን ነው የሚለውጠው። የትምህርት ተመራማሪዋ ኔል ዱክና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በ20 ትምህርት ቤቶች በሚያስተምሩ 48 የ2ኛ ክፍል መምህራን ላይ አጥንተው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ውጤት ለእርስዎ ሥራ በጣም ይጠቅማል። በፕሮጀክት የተማሩት ልጆች በማኅበራዊ ትምህርትና መረጃ ሰጪ ጽሑፎችን በማንበብ የተሻለ እድገት አሳይተዋል፤ በጽሑፍ ችሎታና በተነሳሽነት ግን በአማካይ ልዩነት አልታየም። ሆኖም ለየክፍለ ጊዜው የተዘጋጀውን ዕቅድ ይበልጥ ተከትለው ባስተማሩ መምህራን ክፍሎች በእነዚህም የተሻለ እድገት ታይቷል። ስለዚህ መምህራኑን ስለ ዘዴው ጥሩነት ከማሳመን ይልቅ በእጃቸው ላይ የሚታይ፣ ቀን በቀን የተጻፈ ዕቅድ እንዲኖራቸው ማድረግ ይቀድማል።

ወደ ሥልጠናው ስንመጣ፣ ሁለቱን ቀናት አያያይዟቸው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መምህራኑ ራሳቸው ተማሪ ሆነው አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ይሥሩ። «በእረፍት ሰዓት በደረጃው ላይ የሚፈጠረውን መጨናነቅ እንዴት እንቀንስ?» የሚለው በቂ ነው፤ ይቁጠሩ፣ ንድፍ ይሥሩ፣ ለሌላ ቡድን አሳይተው አስተያየት ይቀበሉ፣ አርመውም ለርእሰ መምህሩ ያቅርቡ። አስተያየት መስጠትንም ሳይማሩት እንዳይጀምሩት፤ ሮን በርገር የተባሉት አሜሪካዊ መምህር አስተያየት ደግነት ያለው፣ ጉዳዩን ለይቶ የሚያመለክትና የሚጠቅም ይሁን የሚሉት ደንብ ለ1ኛ ክፍል ልጆችም ይገባል። በእኔ ግምት ከሁሉም ደረጃዎች በብዛት የሚዘለለው ማረም ነው፤ ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ፕሮጀክቱ ተመልሶ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የዘዴውን ክፍሎች በስማቸው ቢጠሩላቸው የሚናገሩት ገና ስላለፉበት ነገር ስለሚሆን ማስረዳቱ አይከብድዎትም።

ከሰዓት በኋላ በአንድ የክፍል ደረጃ የሚያስተምሩ መምህራን አብረው ተቀምጠው፣ አዲስ ርእስ ሳይፈልጉ፣ ድሮም የሚያስተምሩትን አንድ ምዕራፍ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ወደሚቆይ ፕሮጀክት ይለውጡ። የምዕራፉን ዓላማዎች በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱ ዓላማ በቀጥታ የሚሰጥበትን ቀን በሌላ ዓምድ ይጻፉ። ቀን ያልተገኘለት ዓላማ ካለ ይዘቱ ሳይሸፈን ይቀራል የሚለው ስጋት እውነት ነውና፣ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት ይስተካከላል። ሁለተኛውን የሥልጠና ቀን መምህራኑ ፕሮጀክቱን በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ያድርጉት፤ ያን ጊዜ የሚያመጡት ጥያቄ ከክፍል የመጣ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል መምህር ነኝ። በቡድን ፕሮጀክት አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ያያሉ፤ ማርኩ ግን ለሁሉም እኩል ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለቡድኑ ሥራ አስተያየት እንጂ ማርክ አይስጡ። ማርኩን ለየብቻ ከሚሠሩ ነገሮች ይውሰዱ፦ እያንዳንዱ ልጅ ከሚጽፈው አንድ ገጽ፣ በፕሮጀክቱ መካከል ከሚሰጥ አጭር ፈተና፣ ወይም ልጁን አጠገብዎ አስቀምጠው «ቡድናችሁ ይህን ለምን መረጠ?» ብለው ከሚጠይቁት ጥያቄ። ቡድኑ ከሦስት ወይም ከአራት ልጆች ባይበልጥ፣ ሥራውም በክፍል ውስጥ ተሠርቶ በክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ ማን ምን እንደሠራ በዓይንዎ ያያሉ።