መልስ፦ ኮርቤቲ ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም?

«ሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ እሳተ ገሞራ መሬቱ ከፍ እያለ ነው ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ለምን ቁርጡን አይነግሩንም?» ላልከው ወንድሜ፣ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። በሳተላይት ራዳርና በጂፒኤስ ሲለካ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 አጋማሽ ጀምሮ በዓመት እስከ 6.6 ሴንቲ ሜትር ይደርስ ነበር። ባለሙያዎቹ ቁጥሩን ግን ብቻውን አይጽፉትም፤ «ሲደመር ሲቀነስ 1.2» ይከተለዋል፤ ልኬቱ በዚያ ያህል ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ይሄኛው ጥርጣሬ ቀላሉ ነው፤ ልኬቱ ሲበዛ ይጠባል።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ከታች የሚገፋው ማግማ (የቀለጠ ዐለት) ይሁን ጋዝና ሙቅ ውሃ፣ የመሬቱን እብጠት በማየት ብቻ አይለይም። አብጦ አብጦ ሳይፈነዳ የሚቀር እሳተ ገሞራም ሞልቷል። (ቲክቶክ ላይ ቀን ቆርጦ የሚነግርህን እለፈው።) የድሮው መዝገብም ጎዶሎ ነው፤ የትንንሾቹ ፍንዳታዎች አመድ በዝናብ ታጥቧል፣ ወይ በኋለኛው ተሸፍኗል። ስለዚህ የሚነግሩህ ቀኑን ሳይሆን፣ በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት የመፈንዳት ዕድሉ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ነው።