ስሊፕ አድርጎ ሲነሳ የሚሞት ላፕቶፕ፦ ጥያቄና መልስ

ጠጋኙ፦ ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን ሦስት ሰው ላፕቶፕ ይዞልኝ መጣ። የሦስቱም ችግር አንድ ነው፤ ክዳኑን ሲዘጉት ደህና ነበር፣ ሲከፍቱት ሞቷል። ሁለቱ እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሌላ ቦታ ፎርማት ተደርገዋል። የአንዷ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ሄደ፣ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ያ ነገር ስላንገበገበኝ ነው ዛሬ ማታ «ጠይቁኝ» ያልኩት። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልለምን። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ዳታችሁን ገልብጡ። ቀጥሎ ኮማንድ ፕሮምፕት (ለዊንዶውስ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍታችሁ «ፓወርሲኤፍጂ» ብላችሁ አንድ ላይ ጻፉ፤ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ኤ፣ ከዚያ ኢንተር። የሚወጣውን ጽሑፍ ይዛችሁ ኑ። ማሽናችሁ ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚተኛ ሳላውቅ ልረዳችሁ አልችልም።

የአዳማው፦ ሰላም ጠጋኙ። ላፕቶፔ ስሊፕ ሲያደርግ ይበላሻል። መፍትሄው ምንድን ነው?

ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ «ይበላሻል» ምን ማለት ነው? ስክሪኑ ጨልሞ ፋኑ ይዞራል? ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል? ወይስ ስትከፍተው እንደ አዲስ ቡት አድርጎ የከፈትከው ፋይል ሁሉ ጠፍቶ ታገኘዋለህ? ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው።

ለሁላችሁም አንድ ቀላል መለያ ልስጣችሁ። ክዳኑን ከፍታችሁ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ፓወሩን ተጭናችሁ ለማጥፋት አትቸኩሉ። ካፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቷ ከበራችና ደግማችሁ ስትጫኑ ከጠፋች ማሽኑ ነቅቷል፤ ያልነቃው ማሳያው ብቻ ነው። መብራቷ ካልመለሰች ዊንዶውሱ ራሱ ደርቋል፣ ወይም ጭራሽ አልተነሳም። ይቺን አምስት ሰከንድ የማትፈጅ ሙከራ ሳያደርጉ ማዘርቦርድ የሚያስፈቱ ሰዎች አይቻለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አሁኑኑ ሞከርኩት። ካፕስ ሎኩ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

ጠጋኙ፦ ጎሽ እህቴ። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ ተጫኚ። የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ ማሳያውን የሚያዝበትን ሶፍትዌር፣ እንደገና የሚያስነሳ ቁልፍ ነው፤ ጢጥ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ስክሪኑ ከተመለሰ ጥፋቱ የማሳያው ድራይቨር ላይ ነው ማለት ነው። ሥራሽን ሴቭ አድርጊ፣ ከዚያ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ቁጥር ፈልገሽ የግራፊክስ ድራይቨሩን ጫኚ። በፍላሽ የሚዞረውን ሁሉን አንድ ላይ የሚጭን የድራይቨር ጥቅል አትጠቀሚ። ለማሽንሽ ያልተሠራ ነገር ይጭንና ችግሩን ሁለት ያደርገዋል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ተመለሰ! እግዜር ይስጥልኝ። የወር መዝጊያ ሥራዬ ተከፍቶ ነበር።

ጠጋኙ፦ አሁን ግልበጪው።

የጎንደሩ መምህር፦ ጤና ይስጥልኝ። ያሉትን ትእዛዝ ሰጥቼው «ስታንድባይ፣ ኤስ0፣ ሎው ፓወር አይድል» የሚል ብቻ አወጣ። ኤስ3 የሚለውን «ፈርምዌሩ አይደግፍም» ይላል፤ የማሽኑን መነሻ ፕሮግራም ማለቱ መሰለኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ትምህርት ቤት ስደርስ እንደ ምጣድ ግሎ አገኘዋለሁ። ስከፍተው ከዜሮ ይነሳል።

ጠጋኙ፦ መምህር፣ በጣም ጥሩ አድርገው ጠየቁ። ይህን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ አሁን ከሚመጡልኝ ማሽኖች ግማሹ ይሄው ነው።

የድሮው እንቅልፍ ኤስ3 ይባላል። ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፣ ፋኑ ይቆማል፣ ዲስኩ ይቆማል፤ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ብቻ የያዘውን እንዳይረሳ በጣም ትንሽ ኃይል ይሰጠዋል። ቦርሳ ውስጥ ቢውልም አይሞቅም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ሌላ ዓይነት አመጣ፤ በ2015 በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ሞደርን ስታንድባይ» ብሎ አሰፋው፤ እርስዎ ጋ «ኤስ0» ያለው እርሱን ነው። ሐሳቡ ላፕቶፕ እንደ ስልክ ይሁን የሚል ነው፤ ተኝቶም ኢሜይል ይቀበል፣ ሲከፈትም ወዲያው ይንቃ። ስለዚህ እርስዎ «ተኛ» የሚሉት ማሽን በእውነት አልተኛም፣ አንቀላፍቷል እንጂ። አንዱ ድራይቨር ወይም አንዱ ፕሮግራም ካላስተኛው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ይሠራል። አየር የለም፣ ይግላል፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። እርስዎ ሲከፍቱት ያኔ የሞተ ይመስላል፤ የሞተው ግን መንገድ ላይ ነው።

ማን እንዳላስተኛው ለማየት ፓወርሲኤፍጂ ብለው ክፍተት፣ ስላሽ፣ «ስሊፕስተዲ» ብለው ይጻፉ። በብራውዘር የሚከፈት ሪፖርት ያወጣል፤ እያንዳንዱ እንቅልፍ ስንት ሰዓት እንደቆየና ስንት ባትሪ እንደበላ ይታያል፣ ብዙ የሠራውንም መሣሪያ በስሙ ይጠራዋል።

እስከዚያው ግን በኮንትሮል ፓነል ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተው ክዳን ሲዘጋ «ሃይበርኔት» እንዲያደርግ ያድርጉት። ሃይበርኔት በራም ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ፈጽሞ ይጠፋል። ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፣ ቦርሳ ውስጥ ግን አይግልም። ምርጫው ካልታየ ፓወርሲኤፍጂ፣ ስላሽ፣ ኤች፣ ኦን ይበሉት።

ተማሪው፦ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ አንድ ቁጥር ዜሮ ካደረግክ ኤስ3 ይመለሳል የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። መምህር ያንን ቢሞክሩስ?

ጠጋኙ፦ አይሞክሩ። ያ ዘዴ የሚሠራው ፈርምዌሩ ውስጥ ኤስ3 ተደብቆ ካለ ብቻ ነው። የመምህር ማሽን «ፈርምዌሩ አይደግፍም» ብሏል። ኤስ0ን ብታጠፋበት ጭራሽ መተኛት የማይችል ማሽን ይሆናል፤ አንዳንዱም ተኝቶ አይነሳም። በአንዳንድ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ባዮስ (ያው ፈርምዌሩ) ውስጥ «ስሊፕ ስቴት» የሚል ምርጫ አለ፤ እርሱ ሕጋዊው መንገድ ነው። ቪዲዮ አይታችሁ ሬጂስትሪ አትነካኩ።

የሱቁ ልጅ፦ ይቅርታ ጠጋኙ፣ እኔም ጥገና ነው የምሠራው። ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ስጭንባቸው ይድናሉ። ለምን ሰውን ታደክማለህ?

ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ ደንበኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ያውቃል? ፎርማት ስታደርግ ዊንዶውስ በራሱ አጠቃላይ ድራይቨር ይነሳል፤ ለጥቂት ቀን ደህና ይመስላል። ከዚያ አፕዴት ሲያገኝ ያንኑ የሚያጣላውን ድራይቨር መልሶ ይጭነዋል። አንተ ጋ አልተመለሱም ማለት ድነዋል ማለት አይደለም፤ እኔ ጋ ነው የሚመጡት። የሰው ዳታ ለአንድ ድራይቨር ሲባል አይጠፋም።

የሱቁ ልጅ፦ እኔ ዳታ ሳልገለብጥ ፎርማት አድርጌ አላውቅም።

ጠጋኙ፦ እንደዚያ ከሆነ እጅህን እባርካለሁ። ሁሉም እንዳንተ ቢሆን ዛሬ ማታ እዚህ ባልተቀመጥኩ።

ፔንግዊን፦ ዊንዶውስን ትታችሁ ሊኑክስ ጫኑና ተገላገሉ። የእኔ ሦስት ዓመት አልሞተም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የሒሳብ ፕሮግራማችን ሊኑክስ ላይ አይሠራም።

ፔንግዊን፦ በቨርቹዋል ማሽን ይሠራል።

ተማሪው፦ የእኔ ኡቡንቱ ሊኑክስ እኮ ነው፣ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ከእንቅልፍ ሲነሳ ስክሪኑ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይሆናል። ምኑ ነው መገላገሉ?

ፔንግዊን፦ ኤንቪዲያ መግዛትህ ነው ችግሩ።

ጠጋኙ፦ ይብቃ። ጥያቄው የሰውየው ማሽን እንጂ የማን ሲስተም ይበልጣል አይደለም። ተማሪው፣ ሲስ፣ ፓወር፣ ሜም ስሊፕ የሚለውን ፋይል አንብብ፤ ቅንፍ ውስጥ ያለው «ዲፕ» ነው ወይስ «ኤስ2አይድል»? «ዲፕ» ያልኩህ ኤስ3 ነው። ከዚያ የኤንቪዲያው የሰስፔንድ ሰርቪስ (ሲተኛ የሚሠራው አገልግሎት) ሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጥ፤ የቪዲዮ ሜሞሪውን ሳያስቀምጥ ከተኛ ሲነሳ የምትለው ዓይነት ይሆናል።

ባለ ማኩ፦ የእኔ ማክቡክ ነው...

ጠጋኙ፦ ማክ አልጠግንም። የተሰካ ሃብና ሞኒተር ካለ ነቅለህ ሞክር። የቀረውን የሚያውቀው ይመልስልህ።

የሐዋሳዋ፦ ራም ከጨመርኩ ወዲህ ነው የጀመረው። 8 ጊጋ ነበር፣ ሌላ 8 አስገባሁበት። ቀን ሙሉ ችግር የለም፣ ከስሊፕ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ። ሻጩ «ራሙ ደህና ነው፣ ባይሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ አይሠራም ነበር» አለኝ።

ጠጋኙ፦ ሻጩ ያልገባው ነገር አለ። ላፕቶፑ ከዜሮ ሲነሳ ባዮሱ ራሞቹን ይለካል፣ በምን ፍጥነትና በምን ቮልቴጅ እንደሚግባባቸው ያስተካክላል። ከኤስ3 ሲነሳ ግን እንደገና አይለካም፤ ቀድሞ የለካውን መዝግቦ ያስቀመጠውን ነው የሚመልሰው። በዚያ ላይ ሲተኛ ራሙ ትውስታውን በራሱ እያደሰ መቆየት አለበት። ሁለቱ ራሞች ካልተስማሙ፣ ወይም አንዱ ደካማ ከሆነ፣ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

እኔ ጋ እንዲህ ያለ አንድ ማሽን መጥቶ ነበር፤ አንደኛው ራም ላይ ፍጥነቱ 2400፣ ሌላኛው ላይ 2666 ተጽፏል። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተኛ አራት ዙር አስኬድኩት፣ አንድ ስህተት አላወጣም። ቢሆንም አንዱን አውጥቼ በአንዱ ብቻ አስተኛሁት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ አስነሳሁት፣ ደገምኩት። ቀኑን ሙሉ ተነሳ። ራሞቹን ስለዋውጣቸው በሁለተኛው ሙከራ ሞተ። ሜምቴስት ማሽኑ ነቅቶ ሳለ ነው የሚፈትነው፤ እንቅልፉን አይፈትንም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ አንድ በአንድ፣ በቂ ጊዜ እያስተኛሽ።

ደግሞ ልብ በዪ፤ ተኝቶ ሳለ ራሙ ላይ ኃይል አለ። ስክሪኑ ጠፍቷል ብለሽ የታችኛውን ክዳን ፈትተሽ ራም እንዳትነቅዪ። ፈጽመሽ አጥፊው፣ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ንቀዪ፣ ከዚያ ነው ራም የሚነካው። ይህን ለሁላችሁም ነው የምለው።

ከሪያድ፦ ሰላም ወገን። የእኔ 40 ፐርሰንት ባትሪ እያለው ይተኛል፣ ስከፍተው ሎጎው ብልጭ ብሎ ድርግም። ቻርጀር ስሰካበት ይነሳል።

ጠጋኙ፦ መልሱን ራስህ ነገርከኝ። ፓወርሲኤፍጂ፣ ስላሽ፣ «ባትሪሪፖርት» በልና «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ላክልኝ።

ከሪያድ፦ 50,000 እና 19,000።

ጠጋኙ፦ አዲስ ሳለ ከያዘው 38 ፐርሰንት ብቻ ነው የቀረው። ማሽኑ ሲነሳ በአንዴ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ያረጀ ባትሪ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ማሽኑ ይቋረጣል። ባትሪ ቀይር። ታች ያለው ክዳን አብጦ ወይም ታችፓዱ ተነስቶ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ መጠቀም አቁም። ያበጠ ባትሪ አይጫንም፣ አይወጋም።

የመርካቶው፦ እኔ እንደማየው አገራችን ችግሩ መብራቱ ነው። ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚያቃጥለው።

ፔንግዊን፦ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተጽፏል እኮ።

የመርካቶው፦ የተጻፈው ኦሪጅናሉ ላይ ነው።

ጠጋኙ፦ የመርካቶው ልክ ነው፣ ግን ሌላ ርዕስ ነው። ከጉዳያችን የሚገናኘው ይህ ብቻ ነው፤ 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ45 ዋት አዳፕተር ከሰካችሁት ሲነሳ ሊደናቀፍ ይችላል። ተለጣፊው ላይ ያለውን አንብቡ።

አዲስ ገቢ፦ ላፕቶፔ ስሊፕ አድርጎ አይነሳም፣ ምን ላድርግ? ቫይረስ ይሆን?

ጠጋኙ፦ ቫይረስ አይመስለኝም። ከላይ ጀምረህ አንብብ፣ ካፕስ ሎኩን ሞክር፣ ትእዛዙን ስጥ፣ ከዚያ ተመለስ። ዳታህን መጀመሪያ ገልብጥ።

አዲስ ገቢ፦ የትኛውን ላፕቶፕ ብገዛ ይሻላል?

ጠጋኙ፦ ዛሬ የግዢ ጥያቄ አልመልስም።

የአዳማው፦ ተመልሻለሁ። ትእዛዙ ኤስ3 አለ ይላል። ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ ነገር ሞልቷል። ጓደኛዬ ፓወር ሰፕላይው ነው አለኝ። አጥፍቼም አብርቻለሁ፣ ለውጥ የለም።

ጠጋኙ፦ 41 ምክንያት አይደለም። «ባለፈው ጊዜ በሥርዓት ሳልጠፋ ነው የተነሳሁት» ማለት ብቻ ነው፤ መብራት ቢነቀልም፣ ቁልፉን ይዘህ ብታጠፋውም ያንኑ ይጽፋል። ለጓደኛህ ንገረው። «አጥፍቼ አብርቻለሁ» ያልከው ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ማጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ፋስት ስታርትአፕ ከበራ የሲስተሙን ልብ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚዘጋው፣ የታመመው ድራይቨር እንደታመመ ይመለሳል። በትክክል የሚያድሰው «ሪስታርት» ነው። አሁን ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ «ሚኒደምፕ» የሚል ፎልደር ውስጥ የብልሽት ፋይል ካለ ብሉስክሪንቪው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈተው።

የአዳማው፦ «ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር» ይላል፣ ኮዱ መጨረሻው 9ኤፍ ነው። ከታች ንቶስከርነል የሚል አለ፣ አንድ ሌላም የዋይፋይ የሚመስል።

ጠጋኙ፦ ንቶስከርነልን እለፈው፤ የዊንዶውስ ልብ ስለሆነ ሁሉም አደጋ ላይ ስሙ ይጠራል። 9ኤፍ ማለት ዊንዶውስ አንዱን ድራይቨር «ተነስ» ወይም «ተኛ» ብሎት መልስ ሲጠብቅ ደከመ ማለት ነው። የአንተ ጥፋተኛ ዋይፋዩ ይመስላል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ግባ፣ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ፣ «ፓወር ማኔጅመንት»፤ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሳ። ድራይቨሩን ከአምራቹ አዲሱን ጫን። ሪስታርት አድርግ። ከዚያ አስተኝተህ እደር።

የአዳማው፦ እሺ፣ ነገ ጠዋት እጽፋለሁ።

የአዳማው፦ እንደምን አደርክ። ሌሊቱን ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከፈትኩት፣ ትናንት የተውኩት ገጽ ላይ ተነሳ።

ጠጋኙ፦ ደስ ብሎኛል። ሳምንቱን ሙሉ ተከታተለው። ያቺን ዳታ ገልብጠሃል?

የአዳማው፦ አሁን እየገለበጥኩ ነው።