የጨጓራ ባክቴሪያው አልለቅ ያለኝ አቅሜ ስላለቀ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ ተብዬ መድኃኒት ታዘዘልኝ። በአምስተኛው ቀን ሲሻለኝ ተውኩት። ከሦስት ወር በፊት ሕመሙ ሲመለስ ያንኑ መድኃኒት ራሴ ገዝቼ ወሰድኩ። አሁንም በደም ምርመራ ፖዘቲቭ ነኝ። በሽታ የመከላከል አቅሜ አልቆ ይሆን? አቅም የሚጨምር ቫይታሚን ወይም መርፌ ይኖር ይሆን? ለወገቤ አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰገራዬ ለሁለት ቀን ጠቁሮ ነበር፤ አሁን ደህና ነው።

መልስ፦ ከመጨረሻው መስመርዎ ልጀምር። ሰገራዎ ለሁለት ቀን ጠቁሮ ከነበረ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነገ አይደለም። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ። አሁን እንቅልፍ የነሳዎትን ነገር እንነጋገር።

አቅምዎ አላለቀም። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ በሚጠጋው ሰው ጨጓራ ውስጥ ይኖራል። አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው። ካልታከመ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ባክቴሪያውን ሆን ብሎ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ጀመረው፤ ናሙና ሲወሰድም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። አቅም አንሶት አልነበረም። እሱና ሮቢን ዋረን ባክቴሪያውን በማግኘታቸውና ለጨጓራ መቆጣትና ቁስለት መንስኤ መሆኑን በማሳየታቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጨጓራዎን ከሚያቆስሉት ነገሮች አንዱ የራስዎ የመከላከያ ሴሎች ውጊያ ነው።

ባክቴሪያው በዙሪያው ያለውን አሲድ እያለዘበ ጨጓራን በሚሸፍነው ልጋግ ውስጥ ይሸሸጋል። የግድግዳው ሴሎች ይህን ሲያውቁ የድረሱልን ኬሚካል ይለቃሉ። መጀመሪያ የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ከደም ሥር ወጥተው ግድግዳው ውስጥ ይገባሉ። ባክቴሪያ ሊገድሉበት የያዙትን መርዛማ ኬሚካልም እዚያው ይረጫሉ። ባክቴሪያው ግን አብዛኛው ከግድግዳው ማዶ፣ ልጋጉ ውስጥ ነው። የሚጎዳው የእርስዎ ግድግዳ ነው። ቀጥሎ ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ይመጡና ሌሎችን እየጠሩ ውጊያውን ያራዝሙታል። እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ።

ይህን በደንብ ያሳየው በአይጦች ላይ የተሠራ ምርምር ነው። ቲ ሴልና ቢ ሴል የተባለው ሌላው የመከላከያ ሴል የሌላቸው አይጦች ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያው እንደልቡ ይራባል፤ ጨጓራቸው ግን እምብዛም አይቆጣም። ቲ ሴል ሲሰጣቸው ያኔ ይቆጣል። ስለዚህ አቅም ይጨምራል የተባለ ቫይታሚንም ሆነ መርፌ ይህን ባክቴሪያ አያጠፋልዎትም። የሚያጠፋው ትክክለኛው አንቲባዮቲክ፣ በትክክለኛው መጠን፣ እስከ መጨረሻው ቀን ሲወሰድ ነው።

ካንሰርም ሳይፈሩ አልቀሩም። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቁስለት እንኳ አይወጣባቸውም። ካንሰር የሚይዘው ደግሞ በጣም ጥቂቱን ነው፤ ባክቴሪያውን ማጥፋት ያንንም አደጋ ይቀንሳል። በዚህ በኩል ልብዎ ይረፍ።

አሁን ግን ቆጣ ልበል። በአምስተኛው ቀን ማቆም ምን ማለት ነው? ሲሻልዎት ባክቴሪያው ሞተ ማለት አይደለም፤ የአሲድ መቀነሻው ሕመሙን ጋብ አደረገልዎት እንጂ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው። ያቋረጡትን መድኃኒት ራስዎ ገዝተው መድገም ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ዙር የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላምዶት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዙር በሌሎች አንቲባዮቲኮች መሆን አለበት፤ ያንን የሚመርጠው ሐኪም ነው።

የደም ምርመራው ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን አያስደንግጥዎት። የሚያሳየው ሰውነትዎ ለባክቴሪያው የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። መዳንዎን የሚነግርዎት የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ይቆማል። እርስዎ ግን የጥቁሩ ሰገራ ነገር ሳይጣራ በራስዎ እንዳያቆሙት።

ወደ ጥቁሩ ሰገራ ልመለስ። "አሁን ደህና ነው" ያሉት ነገር ነው ያስፈራኝ።

ቁስለት የደም ሥር ሲነካ ደሙ ጨጓራ ወይም አንጀት ውስጥ ይፈስሳል። ሲወጣ ቀይ ሆኖ አይታይም። እየተፈጨ ስለሚሄድ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚጣበቅ ይሆናል። መጸዳጃው ላይ ይለጠፋል፣ ውሃ ሲደፉበት ቶሎ አይለቅም። ሽታውም ከወትሮው የተለየ፣ የሚከረፋ ነው። ሰገራን እንዲህ ለማጥቆር ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ ደም ይበቃል። የአይረን ኪኒንና ቢስመዝ ያለበት መድኃኒትም ሰገራ ያጠቁራሉ፤ ግን እንዲህ አይጣበቅም፣ ሽታውም እንደዚያ አይደለም። ቢሆንም ቤት ተቀምጠው በግምት አይለዩት።

የቁስለት ደም ብዙ ጊዜ በራሱ ይቆማል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ቁስሉ እዚያው ነው፤ ሊደገም ይችላል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ሰገራው ጠቁሮ "ተወኝ" ያለ፣ ከሳምንት በኋላ ደም እያስታወከ ራሱን ስቶ በሰው ሸክም የመጣ ሰው አክሜያለሁ። ተረፈ። ግን በእግሩ መምጣት ይችል ነበር።

አይቡፕሮፌኑን አሁኑኑ ያቁሙ። ዲክሎፌናክም ያው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራ ራሱን የሚጠብቅበትን ልጋግ ያሳሳሉ። ባክቴሪያው ባለበት ሰው ላይ ሲደረቡ ቁስለትም መድማትም ይጨምራል። ለወገብዎ ሌላ መላ አለ፤ ሐኪሙን ይጠይቁት።

ሰገራው እንደገና ከጠቆረ፣ ደም ወይም የተቃጠለ ቡና የሚመስል ነገር ካስታወኩ፣ ሲነሱ ካዞረዎት፣ ልብዎ በኃይል ከመታ ወይም ድንገት ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከመጣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ብቻዎን አይሂዱ።

ምንም ምልክት ባይኖርም ያው ዛሬ ይሂዱ። የደም መጠንዎን ያዩታል፤ ኢንዶስኮፒም፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ቀጭን የካሜራ ቱቦ ጨጓራን ማየት፣ ሳያስፈልግ አይቀርም። እስካሁን የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ሁሉ ይያዙ፤ ባዶውንም ጭምር። ገና ሲገቡ፣ ስለ አቅምዎ ሳይሆን ስለ ጥቁሩ ሰገራ ይንገሯቸው።