የካም ሴንሰር ማዞሪያ ዘንግ ጥርሱ ሲበላ

ጥያቄ፦ ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አቀማመጥ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ካም ሴንሰር የተቀመጠው ብሎኩ ውስጥ ወርዶ ካምሻፍቱ ላይ በሚነክስ ሌላ ዘንግ አናት ላይ ነው። ለሳምንታት ጠዋት ሲነሳ ጭር ጭር ሲል ቆይቶ የሞተር መብራት በራ፤ ኮዱ ፒ0340 (የካም ሴንሰር ምልክት ችግር) ነው። ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ ምንም አልተለወጠም። ዘንጉን ሳወጣው የታችኛው ጥርስ ተበልቷል። ያወጣሁትም ምልክት ሳላደርግ ነው። አዲሱን በትክክለኛው ቦታ እንዴት ላስገባ? ታይሚንጉንስ (የእሳቱን ሰዓት)?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሞተሩን ለማስነሳት አይሞክሩ። በእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የዚሁ ዘንግ የታችኛው ጫፍ ነው። ጥርሱ ጨርሶ ከለቀቀ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ዘይት ግን አይገፋም፤ ብሮንዚኖቹ (ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ስስ ተሸካሚዎች) ሳይቆይ ይላጣሉ።

የሰሙት ጭርጭርታ የመጣው ከዘንጉ የላይኛው ቡሺንግ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ነው። ዘይት በደንብ የማይደርሰው እሱ ስለሆነ ይደርቃል፣ ይበላል፣ ዘንጉም መወላገድ ይጀምራል። ከዚያ አናቱ ላይ ያለችው ግማሽ ክብ ቆርቆሮ ሴንሰሩን ትነካዋለች። ሴንሰር ብቻ መቀየር ያልጠቀመውም ለዚህ ነው፤ ዘንጉና ሴንሰሩ አብረው ይቀየሩ።

ጥርሱ የተበላበት ምክንያት ግን ሌላም ሊሆን ስለሚችል እሱን ሳያጣሩ አዲስ አያስገቡ። የዘይት ፓምፑን ማዞሪያ ዘንግ በረጅም ቁልፍ በእጅ ያዙሩት። እኩል እየከበደ ከዞረ ደህና ነው፤ እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ፓምፑ ውስጥ ስብርባሪ ገብቷል፣ አዲሱንም ጥርስ ይበላዋል ወይም ጥርሱን ከዘንጉ ጋር የሚይዘውን ስፒና ይቆርጠዋል። በባትሪ ብርሃን የካምሻፍቱን ጥርስም ይዩ። ጫፉ እንደ ቢላ ከሳለ አዲስ ዘንግ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፣ ካምሻፍቱ ራሱ መቀየር አለበት። የጥርሱ ብረት ዓይነትም ይመሳከር፦ ለብረት ቀልጦ ለተሠራ ካም የተሠራ ጥርስ በስቲል ካም ላይ ቢገባ ቶሎ ያልቃል። የወጣው የብረት ዱቄት ወደ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ወርዷልና ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየሩ፤ ዱቄቱ ብዙ ከሆነ ካርተሩ ወርዶ ይታጠብ።

አሁን ወደ አቀማመጡ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። የ1ኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥተው ቀዳዳውን በጣት ይድፈኑ፣ ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በፊት ቡሎኑ በኩል በቁልፍ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ያዙሩ። አየር ጣትዎን ሲገፋ ፒስተኑ በኮምፕሬሽን እየወጣ ነው፤ የፑሌጃው (ኮሎው ፊት ላይ ያለው የቀበቶ መዘውር) ምልክት 0 ላይ እስኪደርስ ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ካለፈዎት ጥቂት መልሰው እዚያው ላይ አይቁሙ፤ ሩብ ዙር ያህል ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ወደ ፊት ያምጡት፣ አለዚያ የቼኑ ልልነት ልኩን ያበላሻል። የአየሩን ግፊት ሳይፈትሹ በምልክቱ ብቻ መተማመን ትልቁ ስህተት ነው። ኮሎው 2 ጊዜ ሲዞር ካሙ 1 ጊዜ ስለሚዞር፣ ምልክቱ 0 ላይ ሆኖ ፒስተኑ ጭስ በሚያስወጣበት ዙር ላይ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሞተሮች ዘንጉ የሚገባው ከ0 ጥቂት ዲግሪ አልፎ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ይህን ከሞተሩ ማኑዋል ያረጋግጡ።

አዲሱን ዘንግ ጥርሱንም ቡሺንጉንም ዘይት ይቀቡ። የአናቱን ቆርቆሮ በቦታዋ የሚይዝ ማሰለፊያ መሣሪያ ለየሞተሩ ይሸጣል፣ ያለ እሱ ባይሠሩ እመክራለሁ። ጥርሱ ሰያፍ ስለሆነ ዘንጉ ሲወርድ እየዞረ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ በሚዞረው ልክ ወደ ኋላ አስቀድመው ይጀምሩ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከቆመ የፓምፑ ማዞሪያ አልገጠመለትም ማለት ነው። አውጥተው ማዞሪያውን በረጅም ካቻቢቴ ጥቂት አዙረው ይድገሙ። በማሰሪያው ቡሎን ስቦ ማስገባት ቤቱን (የዘንጉን መያዣ አካል) ይሰብራል። በትክክል ሲቀመጥ የሴንሰሩ ሶኬት ማኑዋሉ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ይመለከታል። አንድ ጥርስ ከዘለለ ቤቱን አዙሮ ማካካስ አይሞከርም፤ አውጥቶ ማስገባት ነው።

ታይሚንጉን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ክፍል) የሌለውና በኮይል ብቻ እሳት የሚያገኝ ሞተር ከሆነ የእሳቱን ሰዓት የሚወስነው የኮሎው ሴንሰር ነው። የካም ሴንሰሩን ቤት ቢያዞሩት እሳቱ አይነቃነቅም፤ የሚዛባው የቤንዚን መርጫው ቅደም ተከተል ነው። ዘንጉ 180 ዲግሪ ተገልብጦ ቢገባ እንኳ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ መብራቱም ይመለሳል። ስለዚህ ተነሳ ብለው ሥራው አልቋል አይበሉ።

ዘንጉ ዲስትሪቢዩተርንም የሚያዞር ከሆነና ቤቱ እንዲዞር ከተሠራ ግን በታይሚንግ ላይት (የእሳቱን ሰዓት በብልጭታ በሚያሳይ መሣሪያ) መስተካከል አለበት። ሞተሩ ይሙቅ፣ ኤሲና መብራት ይጥፉ፣ መሣሪያው በ1ኛው ካንዴላ ሽቦ ላይ ይታሰር። ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን አድቫንስ (እሳቱን ማስቀደም) ማቆም ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ ዲስትሪቢዩተር ባላቸው ብዙ ቶዮታዎች ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት የመመርመሪያ ሶኬት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ፣ ልኩም አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ ከሚደርስበት ከፍተኛ ነጥብ በፊት 10 ዲግሪ ነው። ለእርስዎ ሞተር ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ቁጥር ይከተሉ። ቤቱን ሮተሩ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ክፍል) በሚዞርበት አቅጣጫ ማዞር እሳቱን ያዘገያል፣ በተቃራኒው ማዞር ያስቀድማል፤ ቤቱ በ1 ዲግሪ ሲዞር በኮሎው 2 ዲግሪ ስለሚሆን በጣም በጥቂቱ ያንቀሳቅሱ። ቡሎኑን ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ሲጠብቅ ይንሸራተታልና።

ሞተሩን መጀመሪያ ሲያስነሱ ዓይንዎ የዘይት መብራቱ ላይ ይሁን። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉት፣ ዘንጉ ከፓምፑ ጋር አልገጠመም። ከጠፋ ኮዱን ሰርዘው ሞቆ እስኪረጋ ያሠሩት። ፒ0016 ከመጣ የካሙና የኮሎው ምልክት አልተስማሙም፤ ዘንጉን አውጥተው አቀማመጡን ከ1ኛው ፒስተን ጀምሮ ይድገሙ።