ስለ ኢንዲ ሬስለሮች ሕይወት ጠይቁኝ፦ ከዳኛው ወገን የተሰጡ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ሬስሊንግ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በቴሌቪዥን ወደምናየው ደብሊው ደብሊው ኢ ነው። ዛሬ የማወራው ግን ከዚያ በታች ስላለው ሰፊ ዓለም ነው። የትልቅ ኩባንያ ኮንትራት ሳይኖራቸው ቅዳሜ አንድ ከተማ፣ እሑድ ሌላ ከተማ ስለሚታገሉት ኢንዲ ሬስለሮች። እኔ ሬስለር አልነበርኩም። ለዓመታት በትናንሽ ትርዒቶች ላይ ዳኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሪንግም ገጥሜያለሁ፣ ፈትቻለሁ፣ ተሸክሜያለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹም፣ ወራቱም፣ ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የማይቀረውን ላስቀድመው። ሁሉም ነገር የውሸት ነው አይደል?

መልስ፦ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ይታወቃል። ይሄ ሚስጥር መሆኑ ከቀረ ቆየ። በ1989 የያኔው ደብሊው ደብሊው ኤፍ፣ ማለትም የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ፣ ራሱ ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ሥራው መዝናኛ መሆኑን አምኗል። ቅንነት እንዳይመስላችሁ። እንደ ስፖርት ከተቆጠረ የመንግሥት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ ይከተላል፤ ከዚያ ለመገላገል ነው።

የሪንጉ መሬት ግን አይዋሽም። ከታች የብረት ማገር አለ። በላዩ የእንጨት ጣውላ፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሸራ። በቃ። ያ የምትሰሙት "ድው" የጣውላው ድምፅ ነው። ደረት ላይ በመዳፍ የሚያርፈው ቾፕም እውነተኛ ምት ነው። ግጥሚያው ሲያልቅ የጣት ምልክቱ ደረታቸው ላይ ቀልቶ ይታያል። ወንበሩም የብረት ወንበር ነው። ጀርባ ላይ ይመታል፣ ጭንቅላት ላይ አይመታም። ድሮ ጭንቅላትም ይመታ ነበር፤ ዛሬ አእምሮ ያለው ሰው አያደርገውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በየሳምንቱ እየወደቁ እንዴት አይሰበሩም?

መልስ፦ አንዳንዶቹ ይሰበራሉ። የማይሰበሩት መውደቅን በደንብ የተማሩት ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው። አገጭ ደረት ላይ ይለጠፋል፤ ካልሆነ የራስ ቅል ቀድሞ ያርፋል። ትንፋሽ ይወጣል። ሰፊው የላይኛው ጀርባ ወለሉን ሲነካ ሁለቱም መዳፎች አብረው ወለሉን ይመታሉ። ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ ሳያርፍ ይበተናል።

ጀማሪውን የሚያስለቅሰው ግን መውደቁ ሳይሆን ገመዱ ነው። በቴሌቪዥን ሲታይ ላስቲክ ይመስላል። እውነታው ወይ በቴፕ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ ነው፣ ወይ ጎማ የለበሰ የብረት ኬብል። ሮጦ ጀርባውን የሰጠው አዲስ ሠልጣኝ በማግስቱ ከብብቱ ሥር ጀምሮ እስከ ጀርባው ሐምራዊ ሰንበር ይዞ ይመጣል። የሚመጣ ከሆነ ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ ሪንግ ውስጥ ሆነው እንዴት ይግባባሉ? ሁሉንም እንደ ድራማ ሸምድደው ነው የሚገቡት?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እንደየሰዉ ነው። አንዳንዱ መልበሻ ክፍል ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን እርምጃ ይቀምራል። የድሮ ሰዎች ግን መጨረሻውንና ሁለት ሦስት ትልልቅ ነገሮችን ብቻ ተስማምተው ይገባሉ። ቀሪውን እዚያው ይፈጥሩታል። አንዱ የሌላውን አንገት በክንዱ ቆልፎ ሲይዝ ለተመልካች ትግል ነው፤ ለነሱ ሹክሹክታ ነው። ፊታቸው ስለተሸፈነ ቀጣዩን የሚነጋገሩት ያኔ ነው። ሕዝቡ ቀዝቅዞ ከሆነ የታሰበው ሁሉ ይቀየራል። ለእኔ እውነተኛው ችሎታ እሱ ነው። በአየር ላይ ሁለቴ የሚገለበጥ ልጅ ሞልቷል፤ የሕዝቡን ጩኸት ሰምቶ ቆም ማለት የሚችል ግን ጥቂት ነው።

ዳኛው ደግሞ ፖስተኛ ነው። ጎንበስ ብዬ ትከሻው ወለል መንካቱን ሳጣራ የምታዩኝ ጊዜ አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል እያልኩ ሊሆን ይችላል። ወይም ጉልበቱን አሞታል፣ ተጠንቀቅለት። ከባድ አወዳደቅ ካየሁ እጁን እይዛለሁ። ጨበጥ ካደረገኝ ደህና ነው። ካላደረገኝ ሁለት ክንዴን ከራሴ በላይ አጣምሬ የኤክስ ምልክት አሳያለሁ። መጋረጃ ጀርባ ያሉት ያኔ ነገሩ የምር መሆኑን ያውቃሉ። ይሄን ምልክት ለድራማ የሚጠቀሙበት አዘጋጆች አሉ። እኔን እንደዚያ የሚያናድደኝ ነገር የለም። የእውነተኛ አደጋ ቀን ሰዉ ቁጭ ብሎ ያያል።

ጥያቄ፦ ገቢው ያኖራል ወይ? እውነቱን ንገረን።

መልስ፦ አብዛኛውን አያኖርም። ክፍያው በምሽት ነው። ጀማሪ የቤንዚኑን ካገኘ ዕድለኛ ነው። በአሜሪካ የሙያው ሰዎች ክፍያችን ሆት ዶግና የእጅ ሰላምታ ነው እያሉ ይቀልዳሉ፤ ቀልዱ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ አብዛኞቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ሥራ አላቸው።

ገንዘቡ ያለው በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቲሸርት፣ የተፈረመበት ፎቶ፣ ከደጋፊ ጋር ፎቶ መነሳት። በአንድ ምሽት ከግጥሚያው ክፍያ ይልቅ ከቲሸርት የበለጠ ይዞ የሚሄድ ሬስለር ብዙ ነው። ለዚህ ነው ላቡ ሳይደርቅ ሮጦ ጠረጴዛው ጋ የሚቆመው። ያንግ በክስ የሚባሉት ወንድማማቾች ይህንን ከማንም በላይ ገብቷቸው ነበር። በ2017 እነሱ ያሉበት ቡድን ቲሸርት ሆት ቶፒክ በተባለው የአሜሪካ የልብስ መደብር መሸጥ ሲጀምር፣ ያለ ትልቁ ኩባንያ ሀብት መፍጠር እንደሚቻል ብዙ ሰው አመነ።

ወጪውንም አትርሱ። ጫማ፣ ልብስ፣ ቤንዚን፣ ማደሪያ ሁሉ ከራስ ኪስ ነው። አራት ሰው በአንድ መኪና ተጨናንቆ ይሄዳል፤ ቤንዚኑን ይካፈላሉ። ሌሊቱን ነድቶ የሚመለሰውም የሆቴል እንዳይከፍል ነው። ሕጉ የሚያያቸው በግሉ እንደሚሠራ ሰው ስለሆነ አሠሪ የሚገዛላቸው የጤና መድን የለም። ጉልበት ሲበጠስ ደጋፊዎች መዋጮ ሲሰበስቡ የምታዩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሥልጠናው የት ነው? ትምህርት ቤት አለው እንዴ?

መልስ፦ አለው። ብዙ ጊዜ የቀድሞ ሬስለር የከፈተው አዳራሽ ነው። በአሜሪካ ሙሉ ሥልጠናው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። ኋላ ሻምፒዮን የሆነው ብራያን ዳንኤልሰን በ1999 የሠለጠነው ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ታዋቂው ሬስለር ሾን ማይክልስ በከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ሌላው ታዋቂ ሬስለር ሚክ ፎሊ ደግሞ ኮሌጅ እየተማረ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ዶሚኒክ ዴኑቺ ትምህርት ቤት እየነዳ ይሄድ ነበር፤ ማደሪያው መኪናው ነበረች። ጃፓን ሌላ ነው። ኒው ጃፓን በሚባለው የሬስሊንግ ኩባንያ ሠልጣኙ እዚያው ይኖራል፣ ያበስላል፣ ያጸዳል፣ የታላላቆቹን ዕቃ ይሸከማል።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ የማስታወቂያውን ቪዲዮ ተዉት። ከዚህ የወጡት ልጆች አሁን የት እየታገሉ ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተምታታ ውጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ከገመድ ላይ ዝለሉ ከሚል አሠልጣኝም ሽሹ።

ጥያቄ፦ ሥራ እንዴት ይገኛል? ወኪል አላቸው?

መልስ፦ አብዛኞቹ የላቸውም። አጭር የግጥሚያ ቪዲዮ ይልካሉ፣ መልእክት ይጽፋሉ፣ ይጠብቃሉ። ከቪዲዮው በላይ የሚሠራው ግን ወሬ ነው። እከሌ ሰዓት ያከብራል፣ እከሌ ባልደረባውን አይጎዳም የሚለው ከአንድ መልበሻ ክፍል ወደ ሌላው በፍጥነት ይደርሳል። መጥፎው ደግሞ የበለጠ ይፈጥናል።

አዲስ ሰው ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ሪንግ ሲገጠም ያግዛል፣ መልበሻ ክፍል ገብቶ ያለውን ሰው ሁሉ ይጨብጣል። አጨባበጡም ለስለስ ያለ ነው። ጭምቅ አድርጎ የሚጨብጥ ሰው ሪንግ ውስጥም እንደዚያ ይጨምቀኛል ብለው ይፈሩታል። ከውጭ ስታዩት የማይረባ ወግ ይመስላል። ግን አስቡት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ሰው ተዘቅዝቃችሁ አንገታችሁን ይይዛል።

ጥያቄ፦ ከኢንዲ ተነሥቶ ትልቅ ቦታ የደረሰ አለ?

መልስ፦ ዛሬ የምታውቋቸው ግማሾቹ እንደዚያ ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ። ድሮ የአሜሪካ ሬስሊንግ በክልል የተከፋፈለ ነበር፤ በ1948 የተመሠረተው ኤን ደብሊው ኤ የሚባለው ማኅበር አዘጋጆቹን ያስማማቸው ነበር። አንዱ በሌላው ክልል አይገባም። በ1982 ቪንስ ማክማን የዛሬውን ደብሊው ደብሊው ኢ ከአባቱ ገዛና ድንበሩን ጥሶ አገሩን ሁሉ ያዘ። ትናንሾቹ ተራ በተራ ወደቁ። በ2001 ደግሞ ትልልቆቹ ተፎካካሪዎች ደብሊው ሲ ደብሊውና ኢ ሲ ደብሊው ተዘጉ። ሥራ የፈታ ሬስለር በዛ። በማግስቱ ዓመት ሪንግ ኦፍ ኦነር የሚባል ኢንዲ ኩባንያ ተጀመረ።

ሲ ኤም ፓንክ፣ ብራያን ዳንኤልሰን፣ ሳሞዋ ጆ እዚያ ነው ስም ያወጡት። ዳንኤልሰን ትልቁ ኩባንያ በቁመቱ ብዙም የሚጓጓለት ሰው አልነበረም። በሚያዝያ 2014 ሬስልማኒያ 30 በተባለው የኩባንያው ትልቁ ዓመታዊ ትርዒት ላይ በአንድ ምሽት ሁለት ግጥሚያ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ኤ ጄ ስታይልስ ደብሊው ደብሊው ኢ ሪንግ ላይ እንደ ኮከብ ሲገባ ጥር 2016 ነበር፤ ዕድሜው 38። ሳሚ ዜይን ደግሞ ለዓመታት ጭንብል አጥልቆ እንደ ሜክሲኮ ሰው ሲታገል ነበር። ሰውየው ወላጆቹ ከሶርያ የመጡ ካናዳዊ ነው!

ከዚያ 2018 መጣ። ቀደም ሲል አንድ ጋዜጠኛ ሪንግ ኦፍ ኦነር በቅርቡ 10,000 ሰው አይሰበስብም ብሎ ነበር። ሬስለሩ ኮዲ ሮድስና ያንግ በክስ ራሳቸው ኦል ኢን የሚል ትርዒት አዘጋጁ። መስከረም 1 ቀን ቺካጎ አጠገብ አዳራሹ ከ10,000 በላይ ሰው ይዞ ጢም አለ። ትኬቱ ያለቀው በግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከወራት በኋላ፣ በጥር 2019፣ ኤ ኢ ደብሊው የሚባል አዲስ ኩባንያ መመሥረቱ ተነገረ።

ጥያቄ፦ ደሙስ? ቀለም ነው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ደም ነው። ትንሽ የምላጭ ስባሪ በቴፕ ውስጥ ይደበቅና ግንባር ጫር ይደረጋል። ግንባር ብዙ ይደማል፣ ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ከሆነው በላይ ያስፈራል። የእሾህ ሽቦና የመስታወት ግጥሚያ የሚያዘወትሩም አሉ። ሚክ ፎሊ በነሐሴ 1995 ጃፓን ካዋሳኪ ውስጥ በእሾህ ሽቦና በፈንጂ ውድድር አሸንፏል። እኔ ወደድኩትም አልወደድኩትም ተመልካች አለው። የደም ምርመራ የማይጠይቅ አዘጋጅ ዘንድ ግን አልሠራም። ሄፓታይተስ ድራማ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ለሴቶችስ ቦታ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ያገኙት ግን ታግለው ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለሴቶች ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚሰጡበት ዘመን፣ በ2005 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ሺመር የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። ሙሉ ትርዒቱ የሴቶች ነበር። የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሳራ ዴል ሬይ በ2012 ደብሊው ደብሊው ኢ ውስጥ አሠልጣኝ ሆነች። እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 ብዙ ሴቶች በሙያው ውስጥ የደረሰባቸውን ጥቃት በይፋ ተናገሩ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጡ እዚያ የሠለጠኑ ሴቶችን ለብቻ አግኝታችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ሄዶ መታገል ይጠቅማል?

መልስ፦ በጣም። ሜክሲኮ ውስጥ ሲ ኤም ኤል ኤል የሚባለው የሬስሊንግ ኩባንያ ከ1933 ጀምሮ አለ። እዚያ ጭንብል ክብር ነው፤ በውርርድ ግጥሚያ የተሸነፈ ጭንብሉን ያወልቃል፣ ስሙም ይገለጣል። የአገሩ ታላቅ ሬስለር ኤል ሳንቶ በ1984 ሲሞት ከነጭንብሉ ነው የተቀበረው። ጃፓን ደግሞ ጠንከር አድርጎ መምታትንና ትዕግሥትን ታስተምራለች። ቪዛውን ግን አታቃልሉ። የሥራ ቪዛ ሳይኖረው የትግል ጫማውን ሻንጣ ውስጥ ይዞ ለጉብኝት ነው የመጣሁት ያለ ሰው ከኤርፖርት ሊመለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ሬስለር ካልሆንኩ ብሎ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ይዘላል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ፍራሹን ቀማው። ቀልዴን አይደለም። ያለ አሠልጣኝ የሚማረው አወዳደቅ መጥፎ ልማድ ነው፤ ለማስለቀቅ ወራት ይፈጃል። አሁን አማተር ትግል ወይም ጂምናስቲክስ ይጀምር። እግሩን ያጠንክር። መስታወት ፊት ቆሞ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይንተባተብ ስለራሱ ማውራት ይለማመድ፤ ማይክ መያዝ የማይችል ሬስለር ቶሎ ይረሳል። ሌላ ሙያም ይያዝ። ጭንቅላቱ ከተመታ ደግሞ አንድም ቀን አይደብቅ። ዳንኤልሰን በ2016 በተደጋጋሚ የአንጎል መናጋት የተነሣ ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሞች ሲፈቅዱለት ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ ለዳኛው። ክፉው ሰውዬ ሲያጭበረብር ለምንድን ነው ሁልጊዜ ጀርባህን የምትሰጠው? በእውነት አይታይህም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከማንም ቀድሞ የሚታየኝ እኔ ነኝ። ወንበሩ መቼ እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው ቀደም ብዬ የጫማዬን ክር ላስር የምጎነበሰው።